ተኝቶ ይወጋ

ዛሬ ሦስት የቤተሰብ ሐኪሞችን ስመዝን ዋልኩ። የአለርጂ ታካሚዎችን ራሳቸውን ችለው ለማየት ብቁ መሆናቸውን የምንወስነው ሁለት ነን። ባልደረባዬ በማለዳ ከሐረር በሚኒባስ ወርዶ መጣ፤ ገና ሳይቀመጥ የድሬን ሙቀት ማማረር ጀመረ። ማራገቢያው ወረቀት ከመበተን በቀር የሚያቀዘቅዘው ነገር የለም፤ ቅጹ እንዳይበርብኝ ስልኬን አስቀምጬበት ዋልኩ።

ቅጹ የተቀዳው ከእንግሊዝ አሠራር ነው። እዚያ በአለርጂ ተጨማሪ ሥልጠና የወሰደ የቤተሰብ ሐኪም ታካሚ ሲያይ አጠገቡ ተቀምጠው ያዩታል፤ መዝገብ ከፍተውም «ይህን ለምን አደረግህ?» ይሉታል። በአገራችን የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2005 ዓ.ም. ነው፤ ገና ልጅ ለሆነ ሙያ ጥሩ ልማድ ይመስለኛል። አንዱ ጥያቄ ብቻ ያስቀኛል፤ «ታካሚውን በአክብሮት አነጋግሯል?» ይላል። ድሬ ላይ ማን «እርስዎ» ይላል? እዚህ «አንተ» ያላለህ ሰው ተቀይሞህ ነው።

የመጀመሪያው ሐኪም የተጻፈውን ሁሉ ሸምድዷል። አለርጂ ነፍስ ላይ ሲደርስ ለአዋቂ ግማሽ ሚሊግራም አድሬናሊን፣ ከጭን መሐል በውጭ በኩል፣ ጡንቻ ውስጥ፤ ታካሚው ይተኛ፣ እግሩ ከፍ ይበል፤ በ5 ደቂቃ ካልተሻለው ይደገም። ትንፋሽ ሳይወስድ ተናገረው። ለልምምድ የተኛው የፕላስቲክ ሰው «ጉሮሮው እየተዘጋ ነው» ሲባል ግን አፉ አድሬናሊን እያለ እጁ የሃይድሮኮርቲሶን ብልቃጥ አነሳ። ይህ መድኃኒት ለመሥራት ሰዓታት ይፈልጋል። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ድንገተኛ ክፍል ያስለመደው እጅ ነው። በሌላ ቀን ይድገም ብለን ፈረምን።

ሁለተኛው ደህና ነው። ከደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ነፋስ በተነሣ ቁጥር የሚያስነጥሳቸውን ነጋዴ በትዕግሥት ጠይቆ፣ በየጊዜው የሚወጉትን ዴክሳ የተባለ የስቴሮይድ መርፌ እንዲተዉ አደረገ። አለፈ።

ሦስተኛዋ ዘንድ የገባው ቶንሲል አልፎ ልቡን የነካው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው። እንዳያገረሽበት በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን መወጋት ነበረበት፤ ካርዱ ላይ ግን በቀይ «የፔኒሲሊን አለርጂ» ተጽፏል። በምትኩ በቀን ሁለቴ ኤሪትሮማይሲን ይውጣል፤ እናቱ እንደሚሉት ሆዱን ስለሚያመው አንዳንዴ ትራስ ሥር ይደብቀዋል። ዶክተሯ ቀዩን ጽሕፈት አንብባ አላለፈችም።

«እናቴ፣ ያን ቀን ከተወጋ በኋላ ስንት ደቂቃ ቆይቶ ወደቀ?»

«ምን መወጋት! አንቺ ደግሞ፤ መርፌውን ሲያይ ነው የወደቀው።»

«ሽፍታ ወጣበት? ከንፈሩ አበጠ?»

«ወረቀት መሰለ እንጂ ምንም አልወጣበትም። ውኃ ረጨሁበት፣ ተነሣ፣ ብስኩት በላ።»

ባልደረባዬ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እኔ አንገቴን ሰግጌ የካርዱን ጽሕፈት አየሁ። የእኔ አይደለም። ደስ ሊለኝ ሲገባ አልሆነልኝም፤ የእኔ የሆኑ ሌሎች ካርዶች አሉ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የፔኒሲሊን ዘር የሆነውን አሞክሲሲሊን ወስዳ ያስመለሳትን አንዲት ልጅ፣ እናቷ «አይስማማትም» ስላሉ ብቻ በቀይ ጽፌባታለሁ። ደጁ ላይ ወረፋው ተኮልኩሎ ነበር፤ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ፔኒሲሊን አይስማማቸውም ከተባሉት ሰዎች በአግባቡ ሲመረመሩ ከአሥሩ ዘጠኙ ያለ ችግር እንደሚወስዱት ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው። ያቺ ልጅ አሁን ትልቅ ሴት ናት፤ ቀዩ ጽሕፈት አብሯት ይኖር ይሆናል።

በኋላ ለልጅ የሚሰጠውን የአድሬናሊን መጠን ስንጠይቃት በኪሎ 0.01 ሚሊግራም መሆኑን ለመናገር ማስታወሻ ደብተሯን ገለጠች። ባልደረባዬ ነጥብ ልቀንስ አለ። ገልጦ የሚያይ ሐኪም አይሻልህም ወይ ብዬ ተከራከርኩት፤ ግማሽ ነጥብ ቀንሶ ታረቅን።

እናቲቱ ቀዩን አሁኑኑ እንድትሰርዘው ፈልገው ነበር። ዶክተሯ እንቢ አለች፤ ማክሰኞ አድሬናሊን በአጠገብ ተዘጋጅቶ፣ ፔኒሲሊኑ በጥቂቱ ተሞክሮ፣ ታይቶ ነው የሚሰረዘው። ልጁ «ማክሰኞ» የሚለውን ሲሰማ በዝግታ ወደ በሩ መጠጋት ጀመረ። አየችው። የቀጠሮ ወረቀቱን መልሳ ተቀበለችና ከቀኑ ሥር ሁለት ቃል ጨመረችበት፤ «ተኝቶ ይወጋ»።

ቅጹ ላይ ለዚህ የተተወ ቦታ ስለሌለ በኅዳጉ ጻፍኩት።