ረቡዕ ከቀኑ 9 ሰዓት፦ በሲያትል የገበሬዎች ገበያ የገዛሁትና የተማርሁት

በአገር ቤት ሰኔ ግም ሲል ክረምት ገባ እንላለን፤ እኔ በምኖርባት በሲያትል ግን በዚያው ወር ዝናቡ ያቆምና ፀሐይ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ ሳትጠልቅ ትቆያለች። ስለዚህ እዚህ በጋ የሚባለው ሐምሌና ነሐሴ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ገበያው የሚቆመው በከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ፣ ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባለው ሰፈር፣ ከሬኒየር ጎዳና እልፍ ብሎ ሲሆን፣ ከግንቦት እስከ ጥቅምት በየሳምንቱ ረቡዕ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ይውላል። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። እኔ ግን በአካባቢው አራት ዓመት ስኖር በአጠገቡ በመኪና ከማለፍ በቀር ገብቼበት አላውቅም ነበር፤ ነጫጭ ድንኳኖቹን ሳይ የሀብታም መዝናኛ ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ጉብኝቴ በብስጭት አለቀ። ባለቤቴ የጻፈችልኝን ዝርዝር ይዤ ነበር የሄድሁት፤ ሎሚ፣ ዝንጅብል፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ። ጊዜው የሰኔ መጀመሪያ ነበርና ከአምስቱ አንዱንም አላገኘሁም። በድንኳኖቹ ሥር የተደረደረው ሰላጣ፣ የፈረንጅ ፍጅል፣ አስፓራገስ፣ እንጆሪና እንደ እባብ የተጠማዘዘ አረንጓዴ ዘንግ ነበር። ሎሚ የት እንደማገኝ አንዱን ሻጭ ስጠይቀው፣ በዚህ ገበያ መሸጥ የሚችለው በዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ያመረተ ገበሬ ብቻ እንደሆነና ከሌላ ገዝቶ አምጥቶ መቸርቸር እንደማይፈቀድ ነገረኝ። ሎሚ ደግሞ በዚህ አየር አይበቅልም። ባዶ እጄን ላለመመለስ ያን የተጠማዘዘ ዘንግ አንድ እስር ገዛሁ። የነጭ ሽንኩርት የአበባ ዘንግ ነበር፤ ሥሩ እንዲደልብ ገበሬው በሰኔ ይቀነጥሰዋል። ከትፈነው ከምስር ጋር ስንሠራው ቤቱ በነጭ ሽንኩርት ሽታ ታወደ፤ ጣዕሙ ግን ከሥሩ ለስለስ ያለ ነው። ዝርዝር ይዞ መሄድን ከዚያ ቀን ጀምሮ ተውሁት።

አሁን የምሄደው ወቅቱን በአእምሮዬ ይዤ ነው። በሰኔ እንጆሪና ቅጠላ ቅጠል፣ ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ቼሪ፣ በሐምሌ ብሉቤሪና አፕሪኮት፣ ከዚያም ኮክ ይከተላል፤ ቲማቲም፣ ቃሪያና የበቆሎ እሸት በብዛት የሚገኙት በነሐሴ ነው፤ በመስከረምና በጥቅምት ደግሞ ፖም፣ ድንችና ዱባ ይነግሣሉ። የተራራውን ሰንሰለት አቀማመጥ ያላወቀ ሰው ይህ ቅደም ተከተል ግራ ሊያጋባው ይችላል። ከካስኬድ ተራሮች በስተ ምዕራብ ያለው አገር ቀዝቃዛና እርጥብ ስለሆነ ለጎመንና ለሰላጣ ይስማማል፤ ከተራሮቹ በስተ ምሥራቅ ያለው የያኪማ ሸለቆ ግን በዓመት 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ብቻ የሚያገኝ፣ በመስኖ የሚለማ ሞቃት ምድር ነው። ቃሪያውም ቲማቲሙም ኮኩም የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ገበሬዎቹ ለአራት ሰዓት ገበያ ሲሉ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነድተው ይመጣሉ። ስለዚህ አንድ ድንኳን ፊት ስቆም መጀመሪያ የምጠይቀው ከተራራው በየት በኩል እንደመጡ ነው። በሐምሌ መጀመሪያ ቲማቲም የያዘ ሰው ከምሥራቅ ካልመጣ በላስቲክ ቤት ያበቀለው መሆን አለበት።

ስለ ጎመን ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፤ ረቡዕ የጾም ቀን ስለሆነ ገበያውም ለጾመኛ የታሰበ ያህል ነው። እዚህ ኮላርድ የሚሉት ሰፊ ቅጠል ከእኛ የሐበሻ ጎመን ጋር አንድ ተክል አይደለም፤ የሐበሻ ጎመን ዘሩ ለምጣድ ማሰሻ የሚሆነው ሌላ ዝርያ ነው። ሲበስል ግን ይቀራረባሉ። አመራረጡን ያስተማሩኝ በእኛው ሕንፃ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። ከላይ የተደረደረውን ትልልቅ ቅጠል ሳነሣ አይተው፣ «ልጄ፣ ዓይንህን አትመን፤ ዘንጉን ሰበር አድርገህ እየው። ቀጭ ካለ ዛሬ ጠዋት የተቀነጠሰ ነው፤ እንደ ገመድ ከታጠፈ ግን መኪና ላይ ያደረ ነው» አሉኝ። «እማማ፣ ሻጩ ቢቆጣስ?» ብላቸው፣ «የሚቆጣ ከሆነ ጎመኑም የሚገዛ አይደለም» ብለው አንዱን እስር ራሳቸው አነሡና ከጫፉ ጥቂት ሰበሩ። ሻጩም አልተቆጣም። መካከለኛ መጠን ያለውን ቅጠል ከትልቁ መምረጥንም ከእሳቸው ተማርሁ፤ ትልቁ ዘንጉ ስለሚጠነክር ግማሹ ይጣላል።

እማማ ሌላም ነገር አሳይተውኛል። ቀይ ሥር በዚህ ገበያ የሚሸጠው ቅጠሉ ሳይቆረጥ በእስር ነው፤ ብዙ ገዢ ግን ሥሩን ብቻ ስለሚፈልግ ሻጩ ቅጠሉን ገንጥሎ ከጠረጴዛው ሥር ባለ ሳጥን ውስጥ ይጥለዋል። ቀይ ሥርና ቆስጣ የአንድ ተክል ሁለት ዓይነቶች ናቸውና ያ ቅጠል እንደ ቆስጣ ይሠራል። እኔም ሁለት እስር ቀይ ሥር ስገዛ ከሳጥኑ ቅጠል እንዲጨመርልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ እስካሁን የከለከለኝ የለም። ይህን ያገኘሁት ዋጋ በመከራከር አለመሆኑን ልብ ይሏል። መጀመሪያ ላይ እንደ አገር ቤት «የመጨረሻውን ንገረኝ» ዓይነት ክርክር ሞክሬ፣ በካርቶን ላይ የተጻፈውን ዋጋ በጣቷ ጠቁማ ዝም ያለችኝን ወጣት ሻጭ አልረሳትም። እዚህ ዋጋው አይቀንስም፤ ምራቂ ግን አለ፤ የሚገኘውም እነሱ የሚጥሉትን እኛ እንደምንበላው በማወቅ ነው።

በቆሎም እንዲሁ ነው። የዚህ አገር በቆሎ ስኳሩ የበዛ፣ ቅርፊቱ የሳሳ ነው፤ ጥብስ ሲሉት በጥርስ መካከል ፈሶ ያልቃል። እኛ የምንወደው ጠንከር ብሎ የሚታኘከውን ነው። በቆሎ እየገረጀፈ ሲሄድ ስኳሩ ወደ ስታርች ስለሚለወጥ እነሱ አለፈበት የሚሉት ለእኛ ደረሰ የምንለው ነው። አንድ ቀን ከያኪማ የመጣን ገበሬ «ያለፈበት አለህ?» ብዬ ስጠይቀው መጀመሪያ የምቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ቀጥሎ ለከብት ያስቀመጠውን ከረጢት ከመኪናው አውርዶ አሳየኝ። ቅርፊቱን ሸልቅቄ ፍሬውን በጥፍሬ ስጫነው ወተት ሳይሆን ወፍራም ሊጥ የመሰለ ነገር ወጣ፤ የምፈልገው ያ ነበር። አሥራ ሁለቱን በግማሽ ዋጋ ሰጠኝ፤ ከዚያ ወዲህ በፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 16 ባሉት ሁለት ወይም ሦስት ረቡዓት ሳልጠይቀው ለይቶ ያቆይልኛል።

ቼሪን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፤ ቢጫ ሆኖ ቀይ የተቀባ የሚመስለውን ይግዙ። ሬኒየር ይባላል፤ በዚሁ ግዛት በፕሮሰር የምርምር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1952 ቢንግና ቫን የተባሉ ሁለት ቀይ ዝርያዎችን በማዳቀል የተገኘ ሲሆን ስሙን የወሰደው ከሬኒየር ተራራ ነው። ዋጋው ከቀዩ ይወደዳል፤ ቶሎም ይበላሻል፤ ስለዚህ በዚያው ቀን የሚያልቀውን ያህል ብቻ መግዛት ነው። ልጆቼ ቤት ሳንደርስ መኪና ውስጥ ይጨርሱታል።

የዋጋው ነገር ብዙ ወገኖቻችንን ስለሚያርቅ በዝርዝር ማስረዳት ይገባኛል። ከሱፐርማርኬት የሚወደድ ነገር አለ፤ እንቁላልና ሥጋ በተለይ። ሆኖም ፉድ ስታምፕ፣ ማለትም መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የምግብ ድጎማ፣ ያለው ሰው መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ ገበያው የመረጃ ድንኳን ነው፤ እዚያ ድጎማው የሚገባበትን ኢቢቲ የተባለ ካርዱን አስነብቦ የፈለገውን ያህል ዶላር በገበያው መገበያያ ይቀይራል፤ ማርኬት ማች በተባለው ፕሮግራም ደግሞ ለፍራፍሬና ለአትክልት የሚውል ተጨማሪ ይሰጠዋል። በሲያትል ይህን መሰሉ ድጋፍ የተጀመረው ፍሬሽ በክስ በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በፉድ ስታምፕ ትኩስ የተዘጋጀ ምግብ መግዛት አይቻልም፤ ለምግብ የሚሆን ችግኝና ዘር ግን ይቻላል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። እማማ በግንቦት የቃሪያ ችግኝ የሚገዙት በዚህ መንገድ ነው።

ገበሬው ለሸማቹ በቀጥታ ይሽጥ የሚለው ሐሳብ በዚህች ከተማ አዲስ አይደለም። ዝነኛው የፓይክ ፕሌስ ገበያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 17 ቀን 1907 ሲሆን፣ መነሻ የሆነው በመካከል የገቡ ነጋዴዎች የሽንኩርትን ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ አሥር እጥፍ ማስወደዳቸው ነበር። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የሽንኩርት ነገር የትም አንድ ነው ብዬ ሳቅሁ።

አሁን ወደ ትልቁ ስሕተቴ ልምጣ። በሁለተኛው ዓመት፣ በመስከረም መጀመሪያ፣ የቀላ በርበሬ ድንኳኑን ሞልቶት ሳይ ልቤ ተነሣና 15 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ ሰባት ኪሎ የሚጠጋ ገዛሁ። በራሴ እጅ በርበሬ አደርቃለሁ ብዬ ለባለቤቴ ስነግራት ምንም አልመለሰችልኝም፤ ዝምታዋ ምን ማለት እንደነበር በኋላ ገባኝ። በክር እየሰካሁ በረንዳ ላይ ሰቀልሁት። ለአሥር ቀን ያህል ደኅና ነበር፤ ቆዳው መሸብሸብ ጀምሮ ነበር። ከዚያ የሲያትል ዝናብ ተመለሰ። አገር ቤት በርበሬ የሚሰጣው ክረምት ወጥቶ ፀሐይ ስትበረታ ነው፤ እዚህ ደግሞ በርበሬው የሚቀላው ፀሐይዋ ልትሄድ ስትል ነው። ይህን ቀላል ነገር ሳላስብ ቀርቼ፣ አንዱን በርበሬ ስሰነጥቀው ውስጡ ግራጫ ሻጋታ አብቅሎ አገኘሁት። ከግማሽ በላይ ጣልሁ። የተረፈውን በምድጃ ለማድረቅ ስሞክር ጭሱ የእሳት ማንቂያውን አስጮኸና የፎቁ ነዋሪ ሁሉ በሌሊት ልብሱ ደጅ ወጣ።

በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ በርበሬ 5 ፓውንድ ብቻ ገዝቼ ዳጣ አደረግሁት። ከዝንጅብሉ በቀር ነጭ ሽንኩርቱም ድንብላሉም ከዚያው ገበያ የተገኘ ነው፤ በበሶብላ ፋንታ የታይ ባዚል ተጠቀምሁ፤ ጣሊያኖች ለፓስታ ከሚወዱት ባዚል ይልቅ ለእኛው ሽታ የሚቀርበው እሱ ነው። በጨው ፈጭቼ በትንንሽ ማሰሮ ከሞላሁት በኋላ ዘይት አልብሼ በረዶ ቤት አስገባሁት፤ እስከ ሁዳዴ ድረስ በላንበት። የወጥ በርበሬ እንደ ቀድሞው ከአገር ቤት ይላክልናል።

ለእንቁጣጣሽ አበባ የምገዛው ከላኦስ ከመጡ የሕሞንግ ቤተሰብ ነው። አደይ አበባ የለም፤ ቢጫ አበባ ብቻ ለቅመው እንዲያስሩልኝ ስጠይቃቸው ግን ለምን ብለው አይጠይቁኝም፤ የራሳቸው ዐውደ ዓመት ያላቸው ሰዎች ናቸው።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት የመጨረሻው ረቡዕ ከእማማ ጋር ስሄድ ግማሹ ድንኳን አልመጣም ነበር፤ ዝናብም ያካፋ ነበር። እሳቸው ከአንድ ገበሬ ጠረጴዛ ላይ ትልልቁን መርጠው አራት ራስ ነጭ ሽንኩርት ገዙ። ለወጥ መስሎኝ ነበር። ቤት ስንደርስ ግን አንድ ራስ ለእኔ ሰጥተውኝ፣ ፍሬ በፍሬ ለያይቼ ሹሉን ወደ ላይ አድርጌ በረንዳው ላይ ባለው ሳጥን እንድተክለው አዘዙኝ፤ በርበሬው በተሰቀለበት ሥር መሆኑ ነው። በሰኔ መጀመሪያ ዘጠኙም ፍሬ ያን የተጠማዘዘ ዘንግ አወጣ።