የጉዞ መጨረሻ ራት፦ የታይ ምግብን ብቻዬን መብላት እንዴት እንደለመድኩ

ወደ ታይላንድ ስሄድ ለራሴ አንድ የቤት ሥራ ሰጥቼ ነበር። ብቻዬን ሆኜ የታይ ምግብ በወጉ ማዘዝና በወጉ መብላት መማር። አሁን የጉዞውን የመጨረሻ ራት በልቼ ስለጨረስኩ፣ የት እንደደረስኩ ላካፍላችሁ።

ብቻውን ለሚጓዝ ሰው የታይ ማዕድ መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል። ማዕዱ የታሰበው ለብዙ ሰው ነው። እያንዳንዱ የራሱን ሩዝ ይይዛል፤ ሌላው ሁሉ መሀል ላይ ይቀመጥና በማንኪያ ጥቂት ጥቂት ይወሰዳል። አንዱ ሳህን ይጎመዝዛል፣ አንዱ ያቃጥላል፣ አንዱ ጣፈጥ ይላል፣ አንዱ ጨው ጨው ይላል። የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሞላል። ብቻችሁን ተቀምጣችሁ አንድ ከሪ (የእነሱ ወጥ ማለት ነው) ብቻ ስታዝዙ፣ ደርዝ ያለውን ጨዋታ ከመሀል ሰምቶ እንደመውጣት ነው። የእኔ ትምህርት በሙሉ ይህን ሚዛን በሁለት ሳህን እንዴት እንደማገኘው ነበር።

የጀመርኩት ግን በአንድ ሳህን ነው። ታይላንዶች ራሳቸው ብቻቸውን ሲሆኑ፣ በተለይ ለምሳ፣ ሁሉም ነገር ሩዝ ላይ የተጨመረበትን ምግብ ይበላሉ። ፓድ ክራፓውን ለጀማሪ እመክራለሁ። የተፈጨ ሥጋ በነጭ ሽንኩርት፣ በቃሪያና የበሶብላ ዘመድ በሆነ ቅጠል ይጠበሳል። ከላዩ ዳር ዳሩ የተንጣጣ እንቁላል ጣል ይደረግበታል። አስኳሉን ወጋ አድርጋችሁ ከሥጋውና ከሩዙ ጋር ስትቀላቅሉት ማቃጠሉ ይበርዳል። ጣት ያስቆረጥማል።

ኑድል ቤት ስትገቡ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ትንንሽ ዕቃዎች አትለፏቸው። አብዛኛውን ጊዜ አራት ናቸው፦ የዓሣ ሶስ፣ የደረቀ በርበሬ፣ ቃሪያ የገባበት ኮምጣጤ፣ ስኳር። አዎ፣ ስኳር። ወጥ ሠሪው ምግቡን ሠርቶ ይሰጣችኋል፤ መጨረሻውን የምታስተካክሉት እናንተ ናችሁ። መጀመሪያ መረቁን ብቻውን ቅመሱ። ከዚያ ጥቂት ኮምጣጤ፣ ጥቂት በርበሬ፣ ቁንጥር ስኳር። እኔ ሚዛን የሚባለውን ነገር ምላሴ ላይ የተማርኩት እዚህ ነው።

ስለ አበላሉ በአጭሩ። ማንኪያ በቀኝ እጅ፣ ሹካ በግራ። ወደ አፍ የሚሄደው ማንኪያው ነው፤ ሹካው ወደ ማንኪያው ይገፋል። ቢላዋ አይቀርብም፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር ማድ ቤት ተከትፎ ነው የሚመጣው። ሁለቱ የኑድል እንጨቶች ለኑድል ናቸው። ተጣባቂው ሩዝ ግን በእጅ ነው፤ ቆንጠር አድርጎ፣ ጠቅለል አድርጎ፣ ማጥቀስ።

ማቃጠሉን በተመለከተ አቋም ይዣለሁ። ቃሪያውን ሙሉ በሙሉ አስወጡልኝ ማለት ለእኔ አይመቸኝም፤ ጎምዛዛውና ጣፋጩ የሚመልሱት ነገር ያጣሉ። ይልቅ «ፔት ኒት ኖይ» በሉ፣ ትንሽ ብቻ ያቃጥል ማለታችሁ ነው። ሶም ታም የሚባለውን የጥሬ ፓፓያ ሰላጣ ስታዝዙ ደግሞ ስንት ቃሪያ እንደሚገባ በቁጥር መናገር ትችላላችሁ። ጥሬ ፓፓያው በሸክላ ሙቀጫ በእንጨት ዘነዘና የሚወቀጠው ፊታችሁ ስለሆነ፣ አንድ ካላችሁ አንድ ሲገባ ታያላችሁ። አፍ ሲቃጠል ውኃ አትጎንጩ። የሚያቃጥለው ነገር፣ ካፕሳይሲን፣ ውኃ ውስጥ አይሟሟም። ሩዝ ወይም የኮኮናት ወተት ያለበት ነገር ይሻላል። ይህ ሁሉ ቃሪያ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ መሆኑ ይገርመኛል። ወደዚህ የዓለም ክፍል ያመጡት ፖርቹጋሎች ናቸው፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን። ከዚያ በፊት የሚያቃጥለው ቁንዶ በርበሬና ዘመዶቹ ነበሩ።

ሰሜን ውስጥ፣ ቺያንግ ማይ ከተማ ላይ ካኦ ሶይን አገኘሁ። የኮኮናት ከሪ ውስጥ ለስላሳ ኑድል፣ ከላይ የተጠበሰ ኑድል፣ ከጎን ደግሞ ኮምጣጣ የጎመን ዓይነት፣ ቀይ ሽንኩርትና ሎሚ። ብቻውን ሙሉ ማዕድ ነው። ብቻችሁን የምትጓዙ ከሆነ እሱን ሳትበሉ ከሰሜን አትውረዱ።

ከቺያንግ ማይ ባንኮክ በባቡር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በሌሊት ባቡር ወርጄ ቀኑን ከተማው ውስጥ ዋልኩ። አውሮፕላኔ በማግሥቱ ነው። ሻንጣው ተዘጋጅቷል፣ የሚታይ ነገር አልቀረም፣ የሚያጣድፈኝ የለም። ለመጨረሻው ራት ከቻሮን ክሩንግ መንገድ ወጣ ብላ ካለች ቅያስ ውስጥ ትንሽ ቤት መረጥኩ። ማድ ቤቷ ከበሩ አጠገብ ነው። ፊቴን ወደ ምድጃው አድርጌ ተቀመጥኩ።

ያዘዝኩት ሁለት ነገር ነው፤ ቶም ያም ኩንግ የሚባለው የሽሪምፕ ሾርባ ከነጭ ሩዝ ጋርና የተጠበሰ ፓክ ቡንግ የተባለ ቅጠል። አመራረጤ እንዲህ ነው። ሾርባው ይጎመዝዛል፣ ያቃጥላል። ቅጠሉ በነጭ ሽንኩርትና በአኩሪ አተር ሶስ ተጠብሶ ጨው ጨውና ትንሽ ጣፈጥ ይላል። ሩዙ ሁለቱን ያስታርቃል። ትንሹን ሳህን ጠየቅሁ፤ ሴትዮዋ በእጇ ምልክት አረጋግጣ ሄደች።

ቅጠሉ መጥበሻው ውስጥ ሲገባ እሳቱ ቦግ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ወዲያው ጨረሰችው። ሾርባው ሲመጣ ከሁሉ የቀደመኝ ሽታው ነው፤ ጠጅ ሣር፣ ዝንጅብል የሚመስለው ጋላንጋል፣ የሎሚ ቅጠል። እነዚህ ሦስቱ ሽታቸውን ሰጥተው ዳር የሚደረጉ ናቸው፣ አይበሉም። እኔ የሩዙ ሳህን ጠርዝ ላይ ደረደርኳቸው። የሎሚው ጭማቂ የሚገባው ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው፣ ቢፈላ መራራ ይሆናላ። ያዘዝኩት ወተት የሌለበትን ጠራ ያለውን ነው፤ ወተት ያለበትም ጥሩ ነው፣ ግን ሎሚው እንዲህ ጥርት ብሎ አይሰማም። እ.ኤ.አ. በ2024 ዩኔስኮ ይህን ሾርባ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል፣ ይገባዋል።

ከሰው ጋር ብሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ማየቴን እጠራጠራለሁ። ወሬ አለ፣ ማን ምን ይብላ አለ። ብቻዬን ስሆን አንድ ማንኪያ ሾርባ፣ አንድ ጉርሻ ሩዝ፣ አንድ ቅጠል እያልኩ ቅደም ተከተሉን እቀያይራለሁ። ከሾርባው በኋላ የሚበላ ቅጠል ይጣፍጣል። ከቅጠሉ በኋላ የሚጠጣ ሾርባ የባሰ ይጎመዝዛል። ስልኬን አላወጣሁም። በጉዞው መጀመሪያ ይህን ልዩነት ምላሴ አይለየውም ነበር፣ ለዚህ ነው ራቱን ለመጨረሻ ማቆየቴን የወደድኩት።

ለማጣጣሚያ ማንጎ በተጣባቂ ሩዝ። የማንጎው ምርጥ ወቅት ሚያዝያና ግንቦት አካባቢ ነው። ሩዙ ላይ የሚፈሰው የኮኮናት ወተት ትንሽ ጨው አለበት፣ ጣዕሙን የሚያወጣው እሱ ነው።

የሚቀጥለው የቤት ሥራዬ ኢሳን ነው፣ የታይላንድ ሰሜን ምሥራቅ። ሶም ታምን በቦካ ዓሣ፣ ፕላ ራ በሚሉት፣ እዚያው አገሩ ላይ መብላት እፈልጋለሁ። ሥጋና ዓሣ የማትበሉ ደግሞ ቢጫ ሰሌዳ ላይ በቀይ የተጻፈ «ጄ» የሚል ምልክት ያለበትን ቤት ፈልጉ፤ የዓሣ ሶስ እንኳ አይገባበትም። ኢሳን ውስጥ ብቻውን የበላ ካለ ምን እንዳዘዘ ይጻፍልኝ።