ካራቫን እየጎተትን፦ በካሪ ደንና በደቡቡ ባሕር ዳርቻ

ካራቫን (በመኪና የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤት) ጎትቶ ረጅም መንገድ ለመውጣት ያሰበ ሰው ከካርታ በፊት ሚዛን ያስፈልገዋል። እኛም ከፐርዝ ከመነሣታችን በፊት ተሳቢያችንን ዕቃው እንደተጫነበት ወስደን የጭነት መኪና ሚዛን ላይ አወጣነው። ደንቡ ቀላል ነው። ከካራቫኑ ክብደት 10 በመቶ ያህሉ የመኪናው ጋንቾ ላይ ማረፍ አለበት። ከዚያ ካነሰ ተሳቢው በፍጥነት ላይ ሳለ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ከበዛ ደግሞ የመኪናው ኋላ ይሰምጥና የፊት ጎማዎቹ መንገዱን በደንብ አይቆነጥጡም። ስለዚህ ከባድ ነገር ሁሉ መሃል ላይ፣ ከካራቫኑ ጎማዎች አናት፣ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ውኃም ዕቃ ነው፤ ሊትሩ 1 ኪሎ ይመዝናል።

«የውኃ ጋኑን አፍስሰው፤ የምንሄደው በረሃ አይደለም» አልኩት ባለቤቴን።

«እሺ፤ አንቺም እነዚያን መጻሕፍት አውርጂ።»

ውኃው ፈሰሰ። መጻሕፍቱ አብረውን ሄዱ።

መንገዳችን የምዕራብ አውስትራሊያን ደቡብ ምዕራብ ጥግ የሚዞር ነው፦ መጀመሪያ በስልተን፣ ከዚያ በኬቭስ መንገድ ኦገስታ፣ ከዚያ ባሕሩን ለጥቂት ጊዜ ትቶ ፔምበርተን ደን ውስጥ፣ እንደገና ወደ ባሕሩ ወርዶ ዎልፖል፣ ዴንማርክ (አገሯ አይደለችም፤ በዚህ ስም የምትጠራ ትንሽ ከተማ ናት) እና አልባኒ። ወሩ ኦክቶበር ነበር። የምድሩ ነባር ባለቤቶች ኑንጋሮች ዓመቱን በ6 ወቅቶች ይከፍሉታል፤ ኦክቶበርና ኖቬምበርን ካምባራንግ ይሏቸዋል፣ የአበባ ጊዜ ነው። ዝናቡ ገና ጨርሶ አልሄደም፤ የበጋው መንገደኛም ገና ጨርሶ አልመጣም። ካራቫን ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ ጊዜ ያለ አይመስለኝም።

በስልተን ላይ ብዙ አልቆየንም። 1,841 ሜትር ወደ ባሕሩ የሚገባውን የእንጨት ድልድይ ሄደን ተመለስን። የመጀመሪያው ክፍሉ የተከፈተው በ1865 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ባሕሩ በዚያ በኩል ጥልቀት ስለሌለው መርከቦች ወደ ዳር መጠጋት አይችሉም ነበርና መሬቱ ራሱ ወደ መርከቦቹ ሄደ። አሁን ትንሽ ባቡር ሰው ታመላልስበታለች። ንፋሱ ፊት ይገርፋል። ይበቃል።

ከድልድዩ ይልቅ በስልተን ላይ የማልረሳው የማታውን ማረፊያ ነው። ካራቫን ፓርክ የገባ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፦ አዲስ መጪ ተሳቢውን ወደ ኋላ ሊያስገባ ሲል ዙሪያው ያለው ሰው በሙሉ ወንበሩን ወደዚያ ያዞራል። ባለቤቴ መሪውን ይዟል፤ እኔ ከኋላ ቆሜ እመራለሁ።

«ወደ ግራ!»

«የማን ግራ?»

ይህ ጥያቄ ስንት ትዳር እንደፈተነ እንጃ። ካራቫኑ ወደ ጎረቤት ድንኳን መንጋደድ ሲጀምር ከአጠገባችን የሰፈሩ አዛውንት ሻያቸውን አስቀምጠው መጡ። እሳቸውና ባለቤታቸው ቤታቸውን አከራይተው አውስትራሊያን በመዞር ላይ የሚገኙ ጡረተኞች ናቸው፤ እንደነሱ ያለው በዚህ አገር ብዙ ነው። ሁለት ነገር አስተማሩን። አንደኛ፣ መሪውን ከላይ ሳይሆን ከታች፣ በ6 ሰዓት ቁጥር በኩል ያዝ፤ እጅህን ወደ ግራ ካንቀሳቀስክ የካራቫኑ ኋላ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ካንቀሳቀስክ ወደ ቀኝ ይሄድልሃል፤ ጭንቅላትህን አታስጨንቀው። ሁለተኛ፣ «ግራ» እና «ቀኝ» የሚባሉትን ቃላት እርሷቸው፤ «የሾፌር ጎን» እና «የተሳፋሪ ጎን» በሉ። እኔ ደግሞ የራሴን ጨመርኩበት፦ የሾፌሩን ፊት በስፖኪዮ ካላየሁት እሱም አያየኝም፤ ያኔ መጮህ ሳይሆን ቦታ መቀየር ነው። ታኮውን ከጎማው ሥር አስገብተን፣ የፊቷን ትንሽ ጎማ አውርደን፣ ካራቫኑን ከጋንቾው ስንፈታ ወንበሮቹ ሁሉ ወደ ነበሩበት ተመለሱ።

ከማርጋሬት ሪቨር አልፎ ወደ ኦገስታ የሚወስደው የኬቭስ መንገድ ጠባብና ጠምዛዛ ነው፤ ካራቫን ለሚጎትት ሰው ኩርባው ሰፋ አድርጎ መያዝን ይጠይቃል። ድንገት ቦራናፕ ደን ውስጥ ገባን፤ ባለቤቴ ሳልነግረው ፍጥነቱን ቀነሰ። ካሪ የሚባለው ዛፍ እዚህ በመንገዱ ግራና ቀኝ ይቆማል፤ ግንዱ ያለ አንድ ቅርንጫፍ ሽቅብ ይወጣና ቅጠሉ የሚጀምረው አንገት ተሰብሮ በሚታይበት ከፍታ ላይ ነው። በየዓመቱ አሮጌ ልጡን ይጥላል፤ አዲሱ ገላው ነጭ፣ ግራጫ፣ አንዳንዴም የብርቱካን ቀለም ያለው ነው።

ካሪ የባሕር ዛፍ ዘር ነው። ይህን አስቀድሜ ባውቅም ዓይኔ ሊቀበለው አልፈለገም። እኔ ያደግኩበት ባሕር ዛፍ በመስመር የተተከለ፣ ለማገርና ለማገዶ ቶሎ የሚቆረጥ፣ ከሥሩ ብዙም ነገር የማያበቅል ነበር። እዚህ ግን ከሥሩ ሌላ ደን አለ፦ ፈርን፣ ሐምራዊ አበባ ያንዠረገገ ቁጥቋጦ፣ ነጭ አበባዋን ይዛ ግንዱን የምትወጣ ሐረግ። ዛፉ ጥፋተኛ አልነበረም ማለት ነው፤ ከጓደኞቹ ለይተን ብቻውን የተከልነው እኛ ነን።

ቦራናፕ ጥንታዊ ይመስላል እንጂ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መግቢያ ላይ አብዛኛው ተጨፍጭፏል፤ ከዚህ ክፍለ አገር የወጣ የጃራ (እሱም ሌላ የባሕር ዛፍ ዘር ነው) እና የካሪ እንጨት የለንደንን መንገዶች ሳይቀር ለማንጠፍ ተልኳል። አሁን የምናየው ከዚያ በኋላ ራሱን መልሶ ያበቀለ ደን ነው። ምዕራብ አውስትራሊያ በተፈጥሮ ደኖቿ ውስጥ ለንግድ እንጨት መቁረጥን ያቆመችው ገና በ2024 መግቢያ ላይ ነው።

ኦገስታ አጠገብ ወደ ባሕር በሚገባው ኬፕ ሉዊን ላይ በ1896 ሥራ የጀመረውና 39 ሜትር የሚረዝመው የመርከብ መብራት ግንብ አለ። ከግንቡ ይልቅ እኔን ያቆመኝ ዝቅ ብሎ ያለው የእንጨት የውኃ መንኮራኩር ነው። ለግንቡ ሠራተኞች ውኃ ለማድረስ የተሠራ ነበር፤ ከምንጩ የሚወርደው ውኃ ኖራ ስላለበት ዓመታት ቆይቶ እንጨቱን በድንጋይ ሸፈነው። አሁን ሊሽከረከር አይችልም።

ከኦገስታ ወደ ፔምበርተን ስንታጠፍ ከኋላችን የመጣ ረጅም የጭነት መኪና አለፈን። የሚያልፍ ትልቅ መኪና መጀመሪያ ካራቫኑን ይገፋዋል፣ ቀጥሎ ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ካራቫኑ መወዛወዝ ሲጀምር ሾፌሩ የሚመኘው ፍሬን መርገጥን ነው፤ መደረግ የሌለበትም እሱው ነው። እግርን ከነዳጅ ቀስ አድርጎ ማንሣት፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ የካራቫኑን ፍሬን ብቻ ለይቶ በእጅ መቆጣጠሪያው ነካ ማድረግ። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ያለ ወሬ አደረገው። እኔ እስከ ሚቀጥለው ከተማ ድረስ የበሩን እጀታ አልለቀቅኩም። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከአመሻሹ 10 ሰዓት በፊት መቆምን ልማድ አደረግን፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ካንጋሮው ወደ አስፋልቱ ዳር ለሣር ይወጣልና፣ ጭነት የሚጎትት መኪና ደግሞ ቶሎ አይቆምም።

ፔምበርተን ላይ ከየእግር መንገዱ መግቢያ ብሩሽና የመርጨት መድኃኒት ተቀምጦ ይጠብቃል። ጫማ ተፋቅቶ፣ ታጥቦ ነው የሚገባው። በጭቃ ተጣብቆ የሚጓዝ ፋይቶፍቶራ የሚባል በዓይን የማይታይ ተባይ የጃራውንና ባንክሲያ የሚባለውን ተክል ሥር ያበሰብሳል፤ አንዴ ከገባበት አፈር የሚያወጣው ዘዴ የለም። የካራቫን ጎማ ደግሞ ከጫማ በላይ ጭቃ ይሸከማል። አንዳንድ ሰው ብሩሹን አይቶ እንዳላየ ያልፋል፤ ባለቤቴ ግን ሁለታችንንም አስቁሞ የጫማውን ሶል ቦይ በቦይ ነው ያስፈተሸን።

እዚያው ግሎስተር የሚባለው ዛፍ አለ። ምድሩ ረባዳና ጉብታ እንጂ ተራራ ስለሌለው የእሳት ጢስ አሻግሮ ለማየት ከፍ ያለ ቦታ አይገኝም ነበር፤ ስለዚህ ከ1937 ጀምሮ ረጃጅም ካሪዎችን መርጠው አናታቸው ላይ ማማ ሠሩ። ግሎስተር በ1947 ማማ ሆነ። ግንዱ ዙሪያ ብረት እየተቀበቀበ መሰላል ተደረገለት፤ ከ50 ሜትር በላይ ያለ ምንም አጥር የሚወጣ መሰላል። ኋላ ሥራውን አውሮፕላኖች ወሰዱት። እኛ ከሥሩ ሆነን ቀና ብለን አየነው። ለእኔ ማየቱ ራሱ መዳፍ ያልባል።

ዎልፖል ላይ ግን መቸኮል አልቻልንም። ቀይ ቲንግል በዓለም ላይ በተፈጥሮ የሚበቅለው በዚህች ከተማ ዙሪያ ባለች ትንሽ ቦታ ብቻ ነው። እሱም ባሕር ዛፍ ነው፤ ነገር ግን ከቁመቱ ይልቅ ወፍራምነቱ ያስደነግጣል፣ የግርጌው ዙሪያ 20 ሜትር የሚደርስ አለ። ብዙዎቹ በተደጋጋሚ የደን እሳት ውስጣቸው ተበልቶ ባዶ ሆኗል፤ ከውጭ ሲታይ ከነ በሩ የተሠራ ጎጆ ይመስላል። ዛፉ የሚኖረው ከልጡ ሥር ባለው ቀጭን ሕያው ክፍል ስለሆነ ልቡ ቢቃጠልም አይሞትም። ከ400 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል።

ድሮ ሰው መኪናውን እየነዳ ከእነዚህ ዛፎች አንዱ ሆድ ውስጥ አቁሞ ፎቶ ይነሣ ነበር። እሳቱን ሁሉ የቻለው ያ ዛፍ በ1990 ወደቀ። የገደለው መጥረቢያ አይደለም። የቲንግል ሥር ጥልቅ አይወርድም፤ ከላይኛው አፈር ጋር ነው የሚሰራጨው፣ ያን አፈር የጎብኚው እግርና የመኪናው ጎማ ዓመት በዓመት ደልድሎ አጠነከረበት። ሊያደንቀው የመጣ ሰው ክብደት ነው የጣለው። ባለቤቴ ይህን ማስታወቂያው ላይ አንብቦ ሲጨርስ ምንም አላለም፤ ከመንገዱ ጣውላ ላይ ግን እግሩን ወደ ውስጥ ሰብሰብ ሲያደርግ አየሁት።

በ1996 የተከፈተው የዛፍ አናት መንገድ የዚያ ውድቀት መልስ ነው። 600 ሜትር የሚሆን የብረት ድልድይ ከኮረብታው ትከሻ ይነሣል፤ ድልድዩ ብዙም ሽቅብ አይወጣም፣ ሸለቆው ነው ከእግር ሥር እየራቀ የሚሄደው፤ ሳይታወቅ 40 ሜትር ከፍታ ላይ ይደረሳል። ደረጃ ስለሌለው በተሽከርካሪ ወንበር ያሉ ሰዎችም ከእኛ ጋር ነበሩ። ድልድዩ በእርምጃ ቁጥር ይወዛወዛል። የካራቫኑ መወዛወዝ ያስፈራት ሴት እዚህ ደስ አላት፤ ባለቤቴ በተራው የብረቱን መደገፊያ በሁለት እጁ ያዘ። የበሩ እጀታ ዕዳ ተከፈለ።

ዴንማርክ አጠገብ ግሪንስ ፑል በሚባለው የባሕር ዳርቻ ትላልቅ የጥቁር ድንጋይ አለቶች የደቡቡን ማዕበል ከውጭ አቁመውታል፤ ውስጡ ረጋ ያለ አረንጓዴ ውኃ ነው። ዋኘን፤ ቀዝቃዛ ነው። ወደ አልባኒ ስንጠጋ በመንገዱ ዳር በመስመር የተተከሉ ዛፎች ታዩኝ፣ ወዲያው ለየኋቸው፦ ነጭ ባሕር ዛፍ፣ የልጅነቴ ባሕር ዛፍ። አካባቢው ለወረቀት ጥሬ ዕቃ የሚቆረጥ የዚህ ዛፍ ሰፊ እርሻ አለው። የራሱ ዘመዶች አገር መጥቶም እንደዚያው በረድፍ ቆሟል።

አልባኒ የአውስትራሊያ የመጨረሻው የዓሣ ነባሪ ማደኛ ጣቢያ የነበረባት ናት። ሥራው የቆመው ኖቬምበር 21 ቀን 1978 ነው። አሁን ጣቢያው ሙዚየም ሆኗል፤ አዳኟ መርከብ ከባሕር ወጥታ ደረቅ መሬት ላይ ቆማለች፣ ዘይት ይጠራቀምባቸው የነበሩ ጋኖች ፊልም ማሳያ ሆነዋል፣ ሥጋው ይገፈፍበት የነበረው ሰፊ ጣውላ ግን እንዳለ አለ። ጣውላው ላይ ቆሜ ወደ ባሕሩ ስመለከት ከቱሪስት ጀልባ የሚሰማ ጩኸት ነበር፤ ዓሣ ነባሪ ብቅ ብሎላቸው ነው። ሃምፕባክ የሚባለው ዝርያ ቁጥሩ አንሰራርቶ በ2022 ከአገሪቱ የአደጋ መዝገብ ወጥቷል።

ዘ ጋፕ የሚባለው ገደል ላይ ከባሕሩ 40 ሜትር ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የብረት ወንፊት ወለል አለ፤ በእግር መካከል ማዕበሉ ሲፈነዳ ይታያል፣ ጠብታውም ይደርሳል። ድንጋዩ አውስትራሊያና አንታርክቲካ አንድ ምድር ከነበሩበት ዘመን የቀረ፣ ዕድሜው ከ1 ቢሊዮን ዓመት በላይ የሆነ ነው። ከአጥሩ ውጭ አለቱ ላይ እንዳይወረድ የሚያስጠነቅቁ ጽሑፎች በየቦታው ተተክለዋል።

ወደ ፐርዝ የሚመልሰው የአልባኒ አውራ ጎዳና 420 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በስንዴና በበግ አገር መሃል ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ብዙ የሚነገርለት የለም። እኔ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኤስፐራንስ እንቀጥል አልኩ፤ ሌላ 480 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ባለቤቴ የካራቫኑን ፍሬን ሳላስፈትሽ አልሄድም አለ፤ ደግሞም መጻሕፍቱን አንድም ገጽ ሳላነብ ደቡብ ምዕራብን አዙሬ እንዳመጣኋቸው አስታወሰኝ። ክርክሩ ዊሊያምስ ከተማ ነዳጅ እስከምንቀዳ ድረስ ቀጠለ፤ እዚያ መሪውን ተቀበልኩት።