«ስንት ኪሎ ይሆናል?»

ዛሬ ስድስት የሚከራይ ቤት አየሁ። ከተማዋ ትንሽ፣ ኮሌጁ ትልቅ፤ ትምህርት ሊጀመር ሲል ደህና ደህናው ቤት በተማሪ ተይዞ ያልቃል። በስልክ «ና እየው» ያለኝ ሁሉ «ውሻ አለኝ» ስለው ድምፁ ይቀየራል። አንዲት አከራይማ «ስንት ኪሎ ይሆናል?» አሉኝ፤ ሥጋ ልሸጥላቸው የደወልኩ ነው የመሰለኝ።

ወደ ስድስተኛው ቤት ውሻውን ይዤው ሄድኩ። አዛውንቱ ባለቤት በሩ ላይ ቆመው ሲያዩት፣ ጓደኛችን ጫማቸው ላይ አገጩን አስደግፎ ዘፍ አለ።

«ይጮሃል?»

«ብቻውን ሲሆን፣ ትንሽ።» (መዋሸት አማረኝ እኮ!)

ጎንበስ ብለው ጆሮውን እያሻሹ የተጫረውን ወለል አሳዩኝ። «ይሄን ያደረጉት ውሾች አይደሉም፤ ተማሪዎች ናቸው» አሉ። ተጨማሪ የመያዣ ገንዘብ ጠየቁ፣ እሺ አልኩ። የቃል ፈቃድ ነገ ስለሚካድ ግን ውሻው ውሉ ላይ ይጻፍልኝ ብዬ ለመንኳቸው።

እየሳቁ ጻፉት። ከነስሙ።