ሙሽራዋ የኒው ዮርክ ናት

ሰብታይትል እየሠራሁ ከአለቃዬ ጋር ያልተጣላሁበት ነገር የለም፤ ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ያደረሰን ግን አንድ የሠርግ መጥሪያ ካርድ ነው።

ድራማው ስለ አንድ የኒው ዮርክ ማስታወቂያ ድርጅት የሚተርከው የአሜሪካ ተከታታይ "ማድ ሜን" ነበር። ሲዝን 3 ላይ ከማስታወቂያ ድርጅቱ ባለድርሻዎች አንዱ ልጁን ሊድር ነው። መጥሪያው ካሜራው ፊት ይመጣል፣ ቀኑ ይነበባል፦ ኖቬምበር 23፣ 1963። በቃ፣ ይታለፋል። አሜሪካዊው ተመልካች ግን እዚያው ክው ይላል፤ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዳላስ ላይ የተገደለው በዋዜማው ነዋ! ከዚያ በኋላ ልጅቷ በእንጀራ እናቷ ስታኮርፍ፣ አባትየው ሲለማመጥ፣ ሠርጉ ምን እንደሚውጠው እኛ እናውቃለን፣ እነሱ አያውቁም። ጸሐፊዎቹ እንዴት ጨካኞች እንደሆኑ ያየሁት ያኔ ነው።

አለቃዬ ደግሞ መመሪያ ነበረው፦ ቀን ሁሉ ወደ እኛ አቆጣጠር፣ ሰዓት ሁሉ ወደ እኛ ሰዓት። የሰዓቱን እንኳ ችዬዋለሁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰዓት ሁለትን እያሳየ፣ እኔ ከታች "ስምንት ሰዓት ሆነ እኮ" እያልኩ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ካርዱ ላይ ግን እምቢ አልኩ።

"ተመልካቹ ኢትዮጵያዊ ነው" አለኝ።

"ሙሽራዋ የኒው ዮርክ ናት" አልኩት።

በዚህች መልስ እስከ ዛሬ እኮራለሁ። ቢሮው በሙሉ ሳቀ፣ እሱ ብቻ አልሳቀም። ሳቁ ልቤን አሳበጠውና ዲስኩር ጀመርኩ። ነገሩ ሁሉ ያለው 1963 የሚለው ቁጥር ላይ ነው፤ 1956 ብለን ከጻፍነው የማንም ሠርግ ሆኖ ያልፋል፤ ደግሞስ የእኛ ተመልካች ኬኔዲ በስንተኛው ወር እንደሞተ በምን ያውቃል? የፈረንጁን ቀን እንዳለ እንተወውና በቅንፍ ማብራሪያ እናስገባ አልኩ።

"ካርዱ ራሱ በቅጡ ሳይነበብ ያልፋል፤ ማብራሪያህን ማን ሊያነብልህ ነው?"

ልክ ነበር። ያን ቀን ግን አላመንኩለትም። አኩርፌ "ኅዳር 14 ቀን 1956 ዓ.ም." ብዬ ጻፍኩና ለእርማት ላክሁት።

አራሚያችን ከጡረታ በኋላ የተቀጠሩ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ድራማውን ለእንጀራቸው ያህል እንጂ ወደውት አያዩም፤ "የሲጋራቸው ጭስ እዚህ ድረስ ይሸተኛል" ይላሉ። ከሰዓት በኋላ ከወንበራቸው ላይ ጮኹ።

"አንተ ልጅ! ይቺ ልጅ በዚያ ሰሞን ነው እንዴ የምትዳረው?"

"በየትኛው ሰሞን፣ እትዬ?"

"ኅዳር 56 ነዋ! ኬኔዲ የሞተ ጊዜ! ጃንሆይ ለቀብሩ ሄደው የለ?"

ዝም አልኩ። እሳቸው ግን ጀመሩ። ለካ ጃንሆይ መስከረም ላይ ዋሽንግተን ድረስ ሄደው ኬኔዲ ራሱ ነበር የተቀበላቸው፤ ሁለት ወር ሳይሞላ እዚያው ከተማ ተመልሰው ከፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ከነደጎል ጋር አስከሬኑን በእግር ሸኙ። የእትዬ አባት ወሬውን በሬዲዮ ሲሰሙ እንዴት እንዳዘኑ፣ ቤት ውስጥ ማን ምን እንዳለ፣ ሁሉንም ነገሩን። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው "በፈረንጅ ቁጥር ብትጽፈው ኖሮ እኔ የት አውቀው ነበር" አሉ።

አለቃዬ ሁለት ጠረጴዛ አልፎ ተቀምጧል። ቀና እንኳ አላለም። ቀና ቢል ይሻለኝ ነበር።

በዚህ ቢያበቃም ደግ። "ቀኑንም ስተሃል" አሉኝና ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። 1955 ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ ጳጉሜን ስድስት ሆናለች። ስለዚህ 1956 የገባው ሴፕቴምበር 12 ነው፣ ኅዳርም አብሮ በአንድ ቀን ተገፍቷል። ኬኔዲ የሞተው ኅዳር 12፣ ሠርጉ ኅዳር 13። እኔ የተለመደውን ልዩነት ቀንሼ፣ ቅዳሜ የምትዳረውን ልጅ እሑድ ድሬያታለሁ፤ ያውም ኬኔዲን ገደለ የተባለው ኦስዋልድ ራሱ በጥይት በተመታበት ቀን። ስለ ቁጥር ክብር ያን ሁሉ የደሰኮርኩት ሰውዬ!

ማታ ቤቴ ገብቼ ማጽናኛ ስፈልግ አመሸሁ፣ አላጣሁም። እነዚያ ለጥቃቅኗ ሁሉ ይጨነቃሉ የሚባሉት የድራማው ሰዎች፣ በ1960 በሚጀምረው ታሪካቸው የቢሮ ጸሐፊዎቹ ጠረጴዛ ላይ በ1961 ገበያ የወጣውን የአይቢኤም ሴሌክትሪክ የጽሕፈት መኪና ደርድረዋል። በማግስቱ ጠዋት ሰላምታውን ትቼ ይህንኑ ለአለቃዬ ነገርኩት።

እስክጨርስ ጠበቀኝ።

"አሥራ ሦስት ብለህ አስተካክልና ላክልኝ" አለ።