ካንሰሩ ካለቀ በኋላ የመጣብኝን ፍርሃት ኪዳነ ምሕረት አራቀችልኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። ሰላም ናችሁ ወገኖቼ፣ ይሄን ምስክርነት የምሰጠው ለኪዳነ ምሕረት ተስዬ ስለነበር ነው። ግን የለመዳችሁት ዓይነት አይደለም፣ ካንሰር ነበረብኝ ዳንኩ የሚለው አይደለም፣ ለሱም ስሙ ይመስገን፣ እኔ የምመሰክረው ድነሻል ከተባልኩ በኋላ ስለመጣብኝ ነገር ነው።

የጡት ካንሰር ነበር። ኦፕራሲዮኑንም ኬሞውንም ጨረሩንም ጥቁር አንበሳ ነው የጨረስኩት። ኬሞ የወሰደች ታውቀዋለች፣ የኔ በየ21 ቀኑ ነበር፣ መጀመሪያ ቀዩ የሚባለው አለ ሽንት ሳይቀር ቀይ የሚያደርገው፣ ጸጉሬም ቅንድቤም የሄደው በሱ ነው። ያኔ ግን ብታምኑም ባታምኑም ብዙ አላለቀስኩም፣ ጊዜ የለማ! ደም ምርመራ አለ፣ ነጭ የደም ሴልሽ ወርዷል ሌላ ቀን ነይ አለ፣ መድኃኒት ከውጭ ፈልጉ አለ፣ የጨረር ወረፋ አለ፣ ቤት ስትገቢ ደግሞ ትውከት። ማልቀሻ ሰዓት ከየት ይመጣል።

የጨረሩ መጨረሻ ቀን ሲስተሮቹ አቅፈው ሸኙኝ፣ ዶክተሩ በየ3 ወሩ ለፎሎው አፕ ትመጫለሽ፣ ካንሰሩ እንዳይመለስ ታሞክሲፈን የሚባለውን ኪኒን በየቀኑ ለ5 ዓመት ትውጫለሽ አለኝ፣ በቃ አለቀ። እማዬ በወሩ በ16 ዝክር ደገሰች፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ለዚህ አበቃሽ እያለ ይስመኛል፣ እኔ ጓዳ ገብቼ እጄ ይንቀጠቀጣል። ለምን እንደሆነ ለራሴም አልገባኝም።

ከዛ በኋላ ያለው ጊዜ ከኬሞው የከፋ ነበር ስል ማጋነን አይደለም። ወገቤን ካመመኝ አጥንት ገብቷል እላለሁ፣ ካሳለኝ ሳንባ ነው። ሌሊት ልብሴ እስኪርስ አልቦኝ እነቃና በቃ ተመለሰብኝ ብዬ እስኪነጋ ቁጭ (በኋላ ሲነገረኝ ላቡ የታሞክሲፈኑ ነው፣ የታወቀ ጠባዩ ነው)። የባኞ ቤቱን መስታወት በፎጣ ሸፍኜው ነበር፣ ባለቤቴ አይቶ ምንም አላለም፣ ፎጣው ሲወድቅ እሱ ራሱ መልሶ ይሰቅለዋል፣ እግዚአብሔር ይስጠው።

ደግሞ ለሰው የማይነገር ነገር አለ፣ ሆስፒታሉ ናፈቀኝ። እዛ እያለሁ ቢያንስ አንድ ሰው እያየኝ ነው፣ መድኃኒቱ ከበሽታው ጋ እየተጣላልኝ ነው፣ አሁን ማን ይጠብቀኛል የሚል ነገር ነው መሰለኝ። ከጎኔ ኬሞ ትወስድ የነበረች ከጎጃም የመጣች እናት ነበረች፣ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያ የሚሰጠው ማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲ ቤት አርፋ ነበር የምትታከመው። እኔ በጨረስኩ በጥቂት ጊዜ ማረፏን ልጇ ደውሎ ነገረኝ። አንድ ዓይነት መድኃኒት ወስደን እሷ ሄደች እኔ ቀረሁ፣ ይሄን ይዘሽ እንዴት ነው እልል የምትይው? ሰው ግን "ስንቱ ሞቶ አንቺ ተርፈሽ ለምን ታኮርፊያለሽ፣ አታመሰግኚም እንዴ" ይልሻል። ክፋት የለባቸውም፣ ግን ያንን የሚል ሰው ሲመጣ ሳቅ እየለበስኩ መውጣት ጀመርኩ።

እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ከእማዬ ጋ ተመላለስኩ፣ ፍርሃቱን ንቀይልኝ እያልኩ፣ ግን ሲመሽ ያው ነው። በመጨረሻ ለንስሐ አባቴ ውዳሴ ማርያም መድገም እንኳን አቃተኝ፣ አፌ ይንቀሳቀሳል ልቤ የለም ብዬ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

"ልጄ፣ ኤልያስ ሞቴን ያለው መቼ ነው?" አሉኝ።

"አላውቅም አባ።"

"ካሸነፈ በኋላ እኮ ነው። ቀርሜሎስ ላይ እሳት ከወረደለት በኋላ ክትክታ ሥር ወድቆ ነፍሴን ውሰዳት አለ። ታዲያ መልአኩ ገሠጸው? እንጎቻና ውሃ ነው ያመጣለት፣ በላ፣ ተኛ፣ ደግሞ ቀስቅሶ መንገድህ ሩቅ ነው ብላ አለው። አንቺም መንገዱ ነው የደከመሽ። የጎደለሽን አንድ ነገር ለእመቤታችን ለይተሽ ንገሪያት።"

እኔም ያን ማታ እንደ ድሮዬ አልጸለይኩም፣ እመቤቴ የማላስመስልለት አንድ ሰው ስጪኝ አልኳት፣ ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

ለፎሎው አፕ ሄጄ አግዳሚው ላይ ተራ እየጠበቅኩ አጠገቤ ሻሽ ያሰረች ሴት ተቀመጠች፣ ቀና ብላ አየችኝና "አንቺም ከጨረስሽ በኋላ ነው የባሰብሽ?" አለችኝ። እኔ ትንፍሽ አላልኩም እኮ! እዛው ኮሪደር ላይ ሰው እያየኝ ያለቀስኩት ለቅሶ የኬሞው ሁሉ ነው። እሷም መስታወት ሸፍና ታውቃለች። ሳይካትሪ ክሊኒክ እንደምትከታተል ስትነግረኝ ደነገጥኩ፣ እኛ ሰፈር ሳይካትሪ ያልሽ እንደሆነ ወዲያው አማኑኤል ገባች ነው የሚባለው፣ እሷ ግን እጄን ይዛ ለካንሰር ዶክተሬ አስነገረችኝና ሪፈር ተጻፈልኝ።

ይሄን ልብ በሉልኝ እህቶቼ፣ የሳይካትሪዋ ዶክተር መጀመሪያ የጠየቀችኝ ታሞክሲፈን ትወስጃለሽ ወይ ብላ ነው። ፍሉኦክሰቲን እና ፓሮክሰቲን የሚባሉት የድብርት መድኃኒቶች የታሞክሲፈንን ሥራ ሊያዳክሙ ይችላሉ፣ ስለዚህ ሌላ መረጠችልኝ። የምትወስዱትን ሁሉ ሳትደብቁ ንገሩ፣ ከፋርማሲም ዝም ብላችሁ አትግዙ። ከመድኃኒቱ ጋ ደግሞ እየተቀጣጠርን እናወራ ነበር፣ ስለ ጎጃሟ እናት መጀመሪያ በሙሉ አፌ ያወራሁት እዛ ነው።

ጸበል ተጠምቀሽ ኪኒን መዋጥ እምነት ማጣት ነው ያሉኝም አልጠፉም። ሲራክ 38ን ያንብቡት፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስም በኤችአይቪው ጊዜ መድኃኒቱንም ጸበሉንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው አስተምረዋል።

ራእይ አላየሁም፣ ብርሃንም አልወረደልኝም። እንቅልፍ ነው የተመለሰልኝ፣ ቀስ በቀስ፣ ከዛ የምግብ ፍላጎት፣ ከዛ ልጆቼ ላይ መጮህ ቀረ። የካቲት 16 እንጦጦ ወጥቼ ቆሜ አስቀደስኩ፣ ስለ ራሴ ምንም ሳልለምን ለሟቿ እናት ብቻ ጸልዬ ወረድኩ፣ ለኔ ተአምሩ ይሄ ነው። አልትራሳውንድ ሲቃረብ አሁንም ሆዴ ይላወሳል፣ አልዋሽም፣ ያኔ ለዛች ለአግዳሚዋ እህቴ በቴሌግራም ቮይስ እልክላታለሁ፣ እሷም ትልክልኛለች።

የሚቀጥለው ቀጠሮ ሰኔ ላይ ነው፣ አብረን ነን። እኔን ወለተ ማርያም፣ እሷን ወለተ ኪዳን፣ እያላችሁ በጸሎታችሁ አስቡን።