የ1000 ሊትሩ ታንክ ለዓሣ፦ ዋናው ነገር መውጫው ነው

ባለ ብረት ፍርግርጉ አይቢሲ ታንክ (ፈሳሽ የሚጓጓዝበት ትልቅ የፕላስቲክ በርሜል) ለዓሣ ማርቢያ ሲዘጋጅ ብዙዎቻችን የምንጨነቀው ስለ አቆራረጡ ነው። ዓሣ የሚያስጨርሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የውሃ መውጫው ነው።

በመጀመሪያ ፍርግርጉ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የምግብ ዘይት ወይም ሽሮፕ የነበረበት ይታጠባል። ፀረ ተባይ የነበረበትን ተዉት፤ ፕላስቲኩ ስለሚመጠው አጥቦ ማጥራት አይቻልም። ሲቆረጥ ደግሞ ከላይ የተሻገሩትን ብረቶች ፈትታችሁ የፕላስቲኩን ጣሪያ ብቻ አንሱ። ዙሪያውን የያዘው የላይኛው ብረት ከተቆረጠ ውሃው ጎኑን ይገፋና ታንኩ ይነረታል።

ወደ መውጫው እንምጣ። ከታች ያለው ቫልቭ ለዕለት ፍሰት አይሁን። የተያያዘው ቱቦ አንዴ ከተላቀቀ ዓሣው ደረቅ ላይ ይቀራል። ቫልቩን ዘግታችሁ እጀታውን እሰሩት፤ ለእጥበት ብቻ ይከፈት። ጥርሱም ሰፊ ስለሆነ ተራ የቧንቧ ማያያዣ አይገባበትም።

በምትኩ የ50 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ ከታንኩ ወለል አንስታችሁ ውሃው እንዲቆም እስከምትፈልጉበት ከፍታ አውጡት፤ እዚያ ላይ በቲ (ባለ ሦስት አፍ ማያያዣ) አዙራችሁ ግድግዳውን አሳልፉት። የታችኛውን ጫፍ በቀጫጭኑ ሰንጥቁት፤ ስንጥቁ የዓሣውን ጫጩት የማያሳልፍ ይሁን። እንዲህ ሲሆን የሚወጣው ከወለል የተነሳው ዝቃጭ ነው፤ ፓምፑ ቢቆምም ውሃው ከቲው በታች አይወርድም። የቲው የላይኛው አፍ ግን ክፍት ይቅር! ከተደፈነ አየር አያገኝም፣ ቱቦው መምጠጥ ይጀምርና ታንኩን እስከ ስንጥቁ ድረስ ያደርቀዋል። ውሃው 10 ሴንቲ ሜትር በወረደ ቁጥር 100 ሊትር ያህል መሄዱን አስቡ።

ነጩ ፕላስቲክ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፤ ውጩን መጀመሪያ ጥቁር፣ ከላዩ ነጭ ቀቡት። ፍርግርጉ በዚንክ የተለበጠ ነው፤ ዚንክ ለዓሣ መርዝ ስለሆነ ከብረቱ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ተመልሶ ታንኩ ውስጥ እንዳይገባ። የመዳብና የነሐስ ማያያዣም እንዲሁ ይቅር።

ፓምፑ የታንኩን ውሃ በሰዓት አንዴ ያዙረው፤ አቅሙን ውሃው በሚወጣበት ከፍታ ለኩት እንጂ ካርቶኑ ላይ በተጻፈው አትመኑ። የውሃው ማጣሪያ የዓሣውን ቆሻሻ የሚያፈርስ ባክቴሪያ እስኪያፈራ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ ጥቂት ዓሣ ብቻ አስገቡ፣ መኖም ቀንሱ። ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጡት መርዞች፣ አሞኒያና ናይትራይት፣ ውሃው ሲመረመር ሁለቱም ዜሮ ሳያሳዩ የዓሣውን ቁጥሩን አትጨምሩ።

መብራት በሚጠፋበት ቦታ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ የግድ ነው። ዓሣው ከበዛ ኦክስጅኑ ሰዓት ሳይሞላ ሊያልቅ ይችላል።